መካከለኛ ጥንድ መቼ ይጣላል? በቡና ፍሬ ፖከር ለሚጫወቱ የጅማ ሰዎች የአሠራር መመሪያ

7 እና 2 የደረሰው ሰው ሳያመነታ ይጥላል። ሁለት አስ የደረሰውም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሰው የሚቸገረው መሃል ላይ ነው፦ ሁለት 7፣ ሁለት 8፣ ሁለት 9 ወይም ሁለት 10 ሲደርሰው። ሲታዩ ያምራሉ፤ ጥንድ ናቸውና መጣላቸው ያሳሳል። በትንሽ ዋጋ በሚካሄድ ጨዋታ የብዙ ሰው ክምር ቀስ በቀስ የሚያልቀው በእነዚህ አራት ጥንዶች ነው። ባለቤታቸው ሲያሸንፍ ጥቂት ይሰበስብባቸዋል፣ ሲሸነፍ ግን ብዙ ይከፍልባቸዋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ጥንዱን በዋጋ ለመመዘን ነው፦ አሁን ስንት እከፍላለሁ? ካሸነፍኩ ስንት አገኛለሁ? ከመቶ ስንቴ አሸንፋለሁ? ሦስቱ ካልተመጣጠኑ ጥንዱ ይጣላል።

የምንነጋገረው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይታደላል፤ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ ይገለጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ላይ ሲወጡ ፍሎፕ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላል። መሃል የተሰበሰበው ፖት ነው። «መክፈል» ስንል ሌላው ያስያዘውን ያህል ማስያዝ፣ «መጨመር» ስንል ከዚያ በላይ ማስያዝ፣ «ማለፍ» ስንል ሳያስይዙ ተራን ማሳለፍ፣ «መጣል» ስንል ካርታን ትቶ ከፖቱ መውጣት ማለታችን ነው። በእጅ ያለው ጥንድ መሃል ላይ ሦስተኛ ወንድም ሲያገኝ «ሦስት ሞላ» እንላለን።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን አስተካክሉ

ጅማ ላይ የፖከር ገንዘብ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም፤ ጥሬ ቡና ይበቃል። የተቆላ አይሁን፤ በእጅ ሲታሽ ይሰባበራል፣ ቅባቱም ካርታውን ያቆሽሻል። ለእያንዳንዱ ሰው 100 ጥሬ ፍሬ እና 10 ጀንፈል ስጡ፤ አንድ ጀንፈል እንደ 10 ፍሬ ይቆጠራል። ጀንፈሉ ከነገለባው የደረቀ ስለሆነ ትልቅና ጠቆር ያለ ነው። መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ብትጫወቱ እንኳ ከጥሬው ጋር አይምታታም። ስለዚህ ሁሉም በ200 ፍሬ ይጀምራል። ካርታ ከመታየቱ በፊት የግድ የሚያዘው፣ ማለትም ብላይንድ፣ 1 ፍሬ እና 2 ፍሬ ይሁን።

ፍሬው ቀድሞ ያለቀበት የማኪያቶውን ሂሳብ ይዘጋል ብትባባሉ ይበቃል። ይህች ትንሽ ዋጋ አስፈላጊ ናት። ምንም የማይጠፋ ከሆነ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር እስከ ሪቨር ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሌትም ትርጉም ያጣል። ዋጋው ከዚህ ከፍ እንዲል አንመክርም፤ ፍሬው ያስጨነቀው ሰው በትክክል አይቆጥርም።

ፍሬያችሁን በትንሽ ሰሃን ላይ አታከማቹ፤ አስር አስር እያደረጋችሁ ፊት ለፊታችሁ ደርድሩ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ያድርጉ። ከታች እንደምታዩት መካከለኛ ጥንድ ይከፈልበት አይከፈልበት የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በተጋጣሚው ክምር መጠን ነው። ክምሩ በአንድ እይታ ካልተቆጠረ ውሳኔው ግምት ይሆናል።

በቃል የሚያዙ ቁጥሮች

ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን ያለእነሱ የቀረው ሁሉ አይሠራም።

ማንኛውም ዓይነት ጥንድ በአማካይ በ17 እጅ (ማለትም ካርታ 17 ጊዜ ሲታደል) አንዴ ይደርሳል። ከ7 እስከ 10 ያለው ጥንድ ደግሞ በ55 እጅ አንዴ ገደማ ነው። በሰዓት 25 እጅ የሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ይህ ማለት ከሁለት ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው። ሰው ጥንዱን መጣል የሚያቅተው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ስለጠበቀው እንደ ሀብት ያየዋል።

ፍሎፕ ላይ ሦስት የሚሞላው፣ ወይም ከዚያ የተሻለ የሚመጣው፣ ከመቶ 12 ጊዜ ያህል ነው። ለማስታወስ የሚቀለው «ከ17 ሁለቴ» ነው። ፍሎፕ ላይ ካልሞላ ተርን ላይ የመሙላት ዕድሉ ወደ ከመቶ 4 ይወርዳል፤ ካልታዩት 47 ካርታዎች ውስጥ የሚረዷችሁ ሁለት ብቻ ናቸውና። «አንድ ካርታ ልይና እጥላለሁ» የሚለው ልማድ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፍሎፕ ላይ ከጥንዳችሁ የሚበልጥ ቢያንስ አንድ ካርታ የሚወጣው በዚህ መጠን ነው፦

ሁለት 10 ስትይዙ ከመቶ 70 ጊዜ
ሁለት 9 ስትይዙ ከመቶ 79
ሁለት 8 ስትይዙ ከመቶ 87
ሁለት 7 ስትይዙ ከመቶ 92

ይህን ሰንጠረዥ ደጋግማችሁ ተመልከቱት። 7 እና 10 በስም «መካከለኛ» ተብለው አንድ ላይ ይጠሩ እንጂ አያያዛቸው ይለያያል። 10 ከሦስት ፍሎፕ በአንዱ ያህል የበላይ ሆኖ ይቆያል። 7 ግን የበላይ የሚሆነው ከአስራ ሦስት አንዴ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 7ን የምትጫወቱት ከሞላ ጎደል ሦስት ይሞላል ብላችሁ ብቻ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ጥንዳችሁ ከእሱ ከሚበልጥ ጥንድ ጋር ቢገጥምና አምስቱም ካርታ ቢገለጥ ከአምስት አንዴ ያህል ብቻ ያሸንፋል። አስ እና ኪንግን ከመሰሉ ሁለት ትልልቅ የተለያዩ ካርታዎች ጋር ከሆነ ደግሞ በትንሹ ይበልጣል፤ 55 ለ45 አካባቢ ነው። እንግዲህ መካከለኛ ጥንድ ሲበልጥ በትንሹ ይበልጣል፣ ሲበለጥ ግን በብዙ ይበለጣል። ይህን መዛነፍ መርሳት ሁሉንም ስህተት ያመጣል።

ደረጃ 1፦ ከፊታችሁ ማንም ካልጨመረ

አምስት ወይም ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ እዚህ ላይ መካከለኛ ጥንድ አይጣልም። ማንም ካልገባ ወደ 6 ፍሬ ጨምሩ። 2 ብቻ ከፍለው የገቡ ካሉ በእያንዳንዳቸው 2 አክሉ፤ ሦስት ሰው ገብቶ ከሆነ 12 ማለት ነው። ይህ ለ9 እና ለ10 ነው። ለ7 እና ለ8 ሦስት ሰው በ2 ፍሬ ከገባ እናንተም 2 ከፍላችሁ ፍሎፑን በርካሽ ማየቱ የተሻለ ነው፤ ሦስት ሲሞላ የሚከፍላችሁ ሰው ይበዛል።

ዘጠኝ ሰው ከተቀመጠና መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ከሆናችሁ 7ን መጣል ያስኬዳል። ሁለት 8 ይዛችሁ ከኋላችሁ አምስት ሰው ካለ ከመካከላቸው አንዱ የሚበልጥ ጥንድ የሚይዘው ከመቶ 14 ጊዜ ያህል ነው። ስምንት ሰው ካለ 21 ይደርሳል።

ደረጃ 2፦ አንድ ሰው ከጨመረ፣ በ15 አባዙ

የመመሪያው ዋና ቁልፍ ይህ ነው። እንድትከፍሉ የተጠየቃችሁትን በ15 አባዙ። ከዚያ የእናንተንና የጨመረውን ሰው ክምር አይታችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሹ ክምር ከብዜቱ ካነሰ ሦስት ለመሙላት ብሎ መክፈል ኪሳራ ነው።

15 ከየት መጣ? ሰውየው 8 ፍሬ አስያዘ እንበል። በ8 ፍሬ 17 ጊዜ ብትሞክሩ ሁለቴ ይሞላል፣ 15 ጊዜ አይሞላም። 15 ጊዜ 8 ማለት 120 ፍሬ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የሞሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 60 ፍሬ ማምጣት አለባቸው፣ ያኔ ገና ከኪሳራ መውጣታችሁ ነው። ሦስት በሞላ ቁጥር ሁሌ ይከፈላችኋል ማለት ደግሞ አይደለም። አስ እና ኪንግ የያዘው ሰው ፍሎፑ ካልረዳው ይጥልና ይሄዳል፤ አንዳንዴም የሞላው ሦስት ራሱ ይሸነፋል። ከሁለት አንዴ ጥሩ ይከፈለናል ብለን ብንገምት 60ው እጥፍ ሆኖ 120 ይሆናል። 120 ደግሞ የ8 አስራ አምስት እጥፍ ነው።

ሰውየው ፊት 200 ፍሬ ካለ ክፈሉ። 60 ፍሬ ብቻ ከቀረው በ7 ወይም በ8 አትክፈሉ፤ ሦስት ቢሞላም የምትወስዱት ለጠፋው አይበቃም። ክምሩ ትንሽ የሆነን ሰው «እሱን ቶሎ ላውጣው» ብሎ በ7 መክፈል በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ቁጥሩ እንደ ድንጋይ የደረቀ አይደለም። ከእናንተ በፊት ሁለት ሰው ከከፈለ ከፋይ ስለበዛ 10 እጥፍም ይበቃል። ከኋላችሁ ደጋግሞ የሚጨምር ሰው ገና ካልተናገረ 20 እጥፍ ጠይቁ፤ 8 ከፍላችሁ ፍሎፑን ሳታዩ ልትባረሩ ትችላላችሁና።

ደረጃ 3፦ በጭማሪያችሁ ላይ ጭማሪ ከመጣ

እናንተ 6 አስያዛችሁ፣ ሌላው 20 አደረገው። የሚጠየቀው 14 ተጨማሪ ፍሬ ነው። 14 ጊዜ 15 ማለት 210 ነው፤ እናንተ የቀራችሁ 194 ነው። ስሌቱ «ጣሉ» ይላል፣ 7 እና 8 ሁልጊዜ ይጣላሉ፣ 9ም አብዛኛውን ጊዜ።

ስሌቱ ብቻ አይደለም የሚናገረው። በትንሽ ዋጋ ጨዋታ ብዙ ሰው በጭማሪ ላይ የሚጨምረው ካርታው በእውነት ጥሩ ሲሆን ነው፦ ከጃክ እስከ አስ ያሉ ጥንዶች፣ ወይም አስና ኪንግ። አራቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ6 መንገድ ይመጣሉ፣ በድምሩ 24። አስና ኪንግ በ16 መንገድ ይመጣል። ከ40ው በ24ቱ ክፉኛ ተበልጣችኋል፣ በ16ቱ በትንሹ ትበልጣላችሁ። ተደምሮ ሁለት 8 ከዚህ ሰው ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከሦስት አንዴ ያህል ብቻ ያሸንፋል። ከፍሎፑ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ትልቅ ካርታ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ያስይዛል፣ እናንተ ትጨነቃላችሁ።

ለ10 አንድ ቀዳዳ አለ። የጨመረው ሰው በትንሽ ካርታም የሚጨምር መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ በተጨማሪም ከእሱ በኋላ የምትናገሩ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ክፈሉና ፍሎፑን እዩ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተሟሉ 10ም ይጣላል። ጎማና ሊሙ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው አረንጓዴውን ዛፉ ላይ ትቶ ቀዩን ብቻ እንደሚወስድ ሁሉ፣ እዚህም መተው የለቀማው ክፍል ነው።

ደረጃ 4፦ ተጋጣሚያችሁ ሙሉ ክምሩን ወደ መሃል ከገፋ

እዚህ ላይ ከዚያ በኋላ ውሳኔ ስለሌለ ስሌቱ ይቀላል። የምትከፍሉትን፣ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ለሚኖረው ጠቅላላ ፖት አካፍሉ፤ የሚመጣው ማሸነፍ ያለባችሁ መጠን ነው።

እናንተ 6 አስይዛችሁ አንዱ 200 ገፋ። የሚጠየቀው 194፣ መሃል ያለው 200 እና 6 እና የብላይንዱ 3፣ በድምሩ 209። 194 ለ403 ሲካፈል ከመቶ 48 ነው። ከላይ እንዳየነው ሁለት 8 ከመቶ 33 ያህል ነው የሚያሸንፈው። ይጣላል።

የገፋው ሰው 24 ፍሬ ብቻ የቀረው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የሚጠየቀው 18፣ መሃል ያለው 33፣ ጠቅላላው 51 ይሆናል፤ ከመቶ 35 ማሸነፍ ይበቃል። ክምሩ ያለቀበት ሰው ደግሞ በማንኛውም ጥንድ፣ በአስና በትንሽ ካርታ ጭምር ይገፋል፤ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሁለት 8 ከግማሽ በላይ ያሸንፋል። ክፈሉ። እዚህ የሚጥል ሰው በጣም ፈርቷል።

ደረጃ 5፦ ፍሎፑ ሲገለጥ

አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ ከጥንዳችሁ የሚበልጡ ስንት ካርታዎች ወጡ፣ ስንት ተጋጣሚ ቀረ፣ የተጠየቀው ከፖቱ ምን ያህል ነው። የፖቱን ሲሶ ከተጠየቃችሁ ከመቶ 20 ማሸነፍ ይበቃል፤ ግማሹን ከሆነ 25፤ ሙሉውን ከሆነ 33።

ሁለት የሚበልጡ ካርታዎች ወጥተው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተጋጣሚ ካለ ምንም አትቁጠሩ፤ መጀመሪያ የሚያስይዝ ሰው እንደተነሳ ጣሉ። ለምሳሌ ሁለት 8 ይዛችሁ አስ፣ ክዊን፣ 6 ወጣ፤ አንዱ በ30 ፖት ላይ 20 አስያዘ፣ ሌላው ከፈለ። ሁለቱም ምንም ሳይዙ እዚህ የገቡበት ጠረጴዛ እምብዛም አይገኝም። የቀራችሁ ተስፋ ሁለት ካርታ ነው።

አንድ የሚበልጥ ካርታ ወጥቶ አንድ ተጋጣሚ ብቻ ካለ ነገሩ ይከብዳል፣ ጥሩ ተጫዋች ከሌላው የሚለየውም እዚህ ነው። ሁለት 9 ይዛችኋል፤ ኪንግ፣ 7፣ 2 ወጣ፣ ሦስቱም የተለያየ ዓይነት። ፖቱ 30 ነው፣ መጀመሪያ የጨመረው ሰው 10 አስያዘ። ይህ ሰው ኪንግ ባይኖረውም በልማድ አንድ ጊዜ ያስይዛል። 10 ከፍላችሁ 50 ለመውሰድ ከመቶ 20 በቂ ነው፤ ክፈሉ። ተርን ላይ 5 ወጣ፣ ፖቱ 50 ደረሰ፣ አሁን 35 አስያዘ። አሁን የሚያስፈልገው ከመቶ 29 ነው፤ በትንሽ ዋጋ ጨዋታ ምንም ሳይዝ ሁለት ጊዜ፣ ለዚያውም ሁለተኛውን ከፍ አድርጎ የሚያስይዝ ሰው ጥቂት ነው። ጣሉ። ደንቡን በአጭሩ ያዙት፦ ለመጀመሪያው ትንሽ ይከፈላል፣ ለሁለተኛው ትልቅ ይጣላል። ሁለተኛ ጊዜ ካላስያዘና ካለፈ ደግሞ 9ኛችሁ ብዙ ጊዜ የበላይ ነው፤ ሪቨር ላይ ትንሽ ቢጠይቃችሁ ክፈሉ።

የወጣው አንድ ትልቅ ካርታ ኪንግ ሳይሆን አስ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ሰው አስ ያለበትን ማንኛውንም ካርታ ይዞ ይቆያል፤ ኪንግና 6ን ግን ይጥላል።

ኪንግ፣ ኪንግ፣ 4 ሲወጣ አዲስ ተጫዋች ይደነግጣል፤ ግን ከአንድ ኪንግ ይሻላል፣ ከ47ቱ የቀሩት ኪንጎች ሁለት ብቻ ናቸውና። አንድ ጊዜ ክፈሉ። እዚህ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት 7 ይዛችሁ መሃሉ ኪንግ፣ ኪንግ፣ 9፣ 9 ከሆነ ጥንዳችሁ ሞቷል። መሃል ያሉት ሁለቱ ጥንዶች ከ7 ስለሚበልጡ 7ታችሁ በጥንድነት ከአምስቱ ምርጥ ካርታ ውስጥ አይገባም፤ የሚወስነው አምስተኛው ካርታ ነው። አስ የያዘ ሰው ሁሉ ይበልጣችኋል። ሰው «ሁለት ጥንድ አለኝ» ብሎ የሚከፍልበት ቦታ ነውና ቆም ብላችሁ አምስቱን ካርታ በጣታችሁ ቁጠሩ።

ሁሉም ካርታ ከጥንዳችሁ ካነሰ ብልጫው የእናንተ ነው፤ አስይዙ፣ የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል። ሁለት 10 ይዛችሁ 8፣ 5፣ 3 ቢወጣ ቀጣዩ ካርታ ከ10 የሚበልጥ የሚሆነው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ሁለት 7 ይዛችሁ 6፣ 4፣ 2 ከወጣ ግን ከመቶ 60 ነው። በነጻ ካርታ አታሳዩ። አስይዛችሁ ዝምተኛ ሰው በላዩ ቢጨምር ግን ሁለት ልብ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ ለመሙላት የሚጠበቅበት) ወይም ሌላ ተስፋ የሚሰጥ ነገር መሃል ካለ አንድ ጊዜ ክፈሉ። ተርን ላይም ከገፋ ጣሉ፤ ከእናንተ የሚበልጥ ጥንድ ወይም ሦስት ይዟል።

ደረጃ 6፦ የማይጣልበት ቦታ

ሦስት ከሞላ አትጣሉ፤ ወዲያውም አስይዙ። ብዙዎች ሦስት ሲሞላላቸው ዝም ብለው ያልፋሉ፣ ሰው እንዳይሸሽ ብለው። በዚህ ጠረጴዛ ሰው አይሸሽም፤ መክፈል ይወዳል። በማለፍ ያጠፋችሁት አንድ ዙር ፖቱን ትንሽ ያደርገዋል፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ክምሩን ለማስገባት ጊዜ አይበቃም። ልብ የሚጠብቅ ሰውም በነጻ አራተኛውን ካርታ ያያል። በደረጃ 2 የሠራነው ሂሳብ ሁሉ የቆመው ሦስት ሲሞላ ብዙ ይሰበሰባል በሚል ነው፤ ካልተሰበሰበ ያ ሁሉ 8 ፍሬ በከንቱ ሄደ።

ሁለት 10 ይዛችሁ 9፣ 8፣ 7 ሲወጣም አትቸኩሉ። የበላይ ጥንድ አላችሁ፤ በተጨማሪ ማንኛውም ጃክ ወይም 6 አምስት ተከታታይ ይሞላላችኋል፤ ሁለቱ 10ም ይረዳሉ። በድምሩ አስር ካርታ፤ በተርንና በሪቨር አንዱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 38 ነው። አሁን ተበልጣችሁም ቢሆን ጥሩ ዋጋ ነው።

ደረጃ 7፦ ተርንና ሪቨር ላይ የሚያስጥሉ ምልክቶች

እስካሁን ሲከፍል ብቻ የነበረ ሰው ተርን ላይ በድንገት ከጨመረ፣ ሦስት ካልሞላላችሁ ጣሉ። ሪቨር ላይ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ልብ ወጥቶ ያው ከፋይ የፖቱን ያህል ካስያዘ ጣሉ። ሁለት ሰው አንዱ አስይዞ ሌላው ከጨመረ እናንተ መሃል አትግቡ።

የሰው ፊት በማንበብ አትመኩ። ከዚያ ይልቅ ካርታ ተገልጦ ሲታይ አስተውሉ፤ ማን በምን ካርታ ጨመረ፣ ማን በምን ከፈለ? በአንድ ምሽት አምስት ስድስቴ ስትጽፉት ማን በጥሩ ካርታ ብቻ እንደሚጨምር ይለያል፤ ለእሱ ያለ ጸጸት ትጥላላችሁ።

የሚበላሽበት ምክንያት

አንደኛው «እስካሁን 40 ከፍያለሁ፣ አሁን ብጥል ይቆጨኛል» ማለት ነው። መሃል የገባ ፍሬ የማንም አይደለም፤ የሚቆጠረው ቀጥሎ የሚጠየቀው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጫና ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ ቤት ውስጥ ተሰብስባችሁ ስትጫወቱ ከጎን «አቦ ክፈል፣ ፍሬ ናት!» የሚል አይጠፋም። ሳቁለት፤ ካርታችሁን ግን ጣሉ፣ ስትጥሉም አታሳዩ። እጁ ሳያልቅ «ሁለት 9 ነበረኝ» ማለትም ገና የሚጫወቱትን ይጎዳል። ተራችሁ ሳይደርስ መጣልም እንደዚሁ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው ስንት ተጋጣሚ እንደቀረ አስቀድሞ ያውቅበታል።

ሦስተኛው በተቃራኒ በኩል ነው። የመጣልን ጥቅም ገና የተማረ ሰው ለእያንዳንዱ ትንሽ ውርርድ መጣል ይጀምራል። የፖቱን ሲሶ ላስያዘ አንድ ተጋጣሚ ሁሌ ብትጥሉ እሱ በምንም ካርታ ይነጥቃችኋል። ደረጃ 5 ላይ ያለው የ9 ምሳሌ ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ክፈሉ፣ ቀጥሎ ጣሉ።

ልምምድ

ብቻችሁን ሆናችሁ ሁለት 8 ከካርታው አውጡና ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። የቀሩትን 50 በደንብ አደባልቃችሁ ሦስት ግለጡ፤ ከዚያ መልሳችሁ አደባልቁ። ይህን 34 ጊዜ አድርጉ። ሦስት በሞላ ቁጥር አንድ ጀንፈል በቀኝ፣ ከ8 የሚበልጥ ካርታ በወጣ ቁጥር አንድ ጥሬ ፍሬ በግራ አስቀምጡ። በአማካይ በቀኝ 4፣ በግራ 29 ወይም 30 ይጠበቃል። በአንድ ዙር በቀኝ 1 ብቻ ወይም 7 ቢሆን ካርታው አልተበላሸም፤ በትንሽ ሙከራ እንዲህ ይዋዥቃል። ሦስት ዙር ስትሠሩ ወደ 12 ይጠጋል።

ቀጥሎ ያንኑ በሂሳብ ድገሙት። ለእያንዳንዱ ፍሎፕ 8 ፍሬ ወደ መሃል አስገቡ፤ ካልሞላ መሃል ይቅር። ከ34 በኋላ በአማካይ 240 ፍሬ መሃል ቀርቶ ታገኛላችሁ። ከዚያ አራቱን የሞሉ ጊዜዎች ተመልከቱና እያንዳንዱ ስንት ቢያመጣ 240ው እንደሚመለስ አስሉ። መልሱ 60 ነው። ተጋጣሚያችሁ ፊት 60 ፍሬ ብቻ ካለ፣ በአራቱም ጊዜ የመጨረሻዋን ፍሬ ጭምር ሊሰጣችሁ ይገባል ማለት ነው፤ የክምሩን መጠን ሳታዩ 8 ፍሬ ወደ መሃል ልትገፉ እጃችሁ በሄደ ቁጥር ይህን መሃል የቀረውን ክምር አስቡ።